ማርሽ ባንዱ ሜዳ ሲገባ

በልጅነቴ የአንድ ጨዋታ ክብደት የሚታወቀው ማርሽ ባንድ በመኖሩና ባለመኖሩ ነበር። ተራ የክለብ ግጥሚያ ከሆነ ሰው ቲኬቱን ቆርጦ ይገባል፣ ተጫዋቾቹ ያሟሙቃሉ፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ በቃ። የዋንጫ ጨዋታ ሲሆን ወይም የውጭ ቡድን ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገና ከለገሐር ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ስንታጠፍ የትልቁ ከበሮ ድምፅ ከግንቡ ውስጥ እየመታ ይቀበለናል። ያን ጊዜ የሰዉ እርምጃ ይፈጥናል። ትልልቆቹ ሰዎች ኮታቸውን ሰብስበው ሶምሶማ ይጀምራሉ፤ ቆሎ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ በሩ ይጠጋሉ፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከማናውቃቸው አባቶች ጎን ተለጥፈን «ጋሼ፣ እባክዎ ይዘውኝ ይግቡ» እያልን እንለማመጣለን። ባንዱ ሜዳውን ሲዞር ካልደረስን ቀኑ ጎደለ ማለት ነው፤ አምስት ግብ ቢገባ እንኳ ያ ጉድለት አይሞላም።

ስለ ኳሳችን የድሮ ዘመን ሲወራ የሚነሱት ተጫዋቾቹ፣ ግቦቹና አሠልጣኞቹ ናቸው። ይገባቸዋል። ነገር ግን የዚያ ሜዳ ክብር ግማሹ የተሠራው በእግር አልነበረም። በሳንባና በከንፈር ነበር። የነፊዎቹን ስም የሚያነሳ ሰው ስላላጋጠመኝ ይህችን ትዝታ ለእነሱ ብዬ ጻፍኳት።

ባንዱ የሚገባው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሁሉም ፊት ረጅሙን በትር የያዘው መሪ ይመጣል፤ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በትሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ። ከእሱ ቀጥሎ ትሮምቦኖቹ ይሰለፋሉ። ትሮምቦን ከፊት የሚደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ነፊው ቱቦውን ወደ ፊት ሲገፋው ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት እንዳይመታ ነው። ከኋላ ትራምፔቱ፣ ክላርኔቱ፣ ሳክስፎኑ ይከተላል፤ ታንቡሮቹ፣ ትልቁ ከበሮና ሁለቱ የናስ ሳህኖች አሉ፤ ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ግዙፉ የናስ መሣሪያም አለ፤ እሱን የሚሸከመው ሰው ሁልጊዜ ከሁሉም ወፍራም ይመስለን ነበር። በየመሣሪያው ላይ በትንሽ መቆንጠጫ የተያዘች የኖታ ወረቀት ትውለበለባለች። ነጭ ጓንት፣ ነጭ ቀበቶ፣ የተወለወለ ጫማ። የከሰዓቷ ፀሐይ ናሱ ላይ ስታርፍ ከሩቅ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን በእጁ ይከልላል።

ማርሽ በደቂቃ 120 ገደማ እርምጃ ነው የሚኬደው። የሰው ልብ ደስ ሲለው ወደዚያ ፍጥነት የሚጠጋ ይመስለኛል፤ አለዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይነገረው እግሩን በአንድ ምት የሚያነሳበት ምክንያት አይገባኝም። ባንዱ የመሮጫውን ትራክ ይዞ ሲዞር በፊቱ ያለፈበት መቀመጫ ሁሉ ይነሳል። ክቡር ትሪቡን የተቀመጠው ባለ ኮትና ባለ ክራቫት ይነሳል፤ ጥላ ፎቅ ይነሳል፤ ከማን አንሼ ይነሳል፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ ደግሞ መጀመሪያውንም አልተቀመጡም። ስታዲየማችን ሰውን በኪሱ ልክ ከፋፍሎ ያስቀምጥ ነበር። የጥላው ዋጋ ሌላ፣ የፀሐዩ ዋጋ ሌላ ነው። ባንዱ ግን ለክቡር ትሪቡን የነፋውን ያንኑ ማርሽ ለሚስማር ተራም ይነፋል፤ ድምፁን አይቀንስም፣ እርምጃውንም አያፈጥንም። በልጅነት አእምሮዬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ማዶ ያለው ሕዝብ የሚያጨበጭበው ዘግይቶ ነው። ድምፅ ሜዳውን አቋርጦ እስኪደርሳቸው ጊዜ ይወስዳል፤ የእነሱ ጭብጨባ ተመልሶ ወደኛ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። እናም ባንዱ መካከል ላይ ሲሆን ከግራም ከቀኝም የተዛባ ምት ይመጣበታል። ልምድ የሌለው ከበሮ መቺ ያን ጊዜ ይጠፋል። የሰፈራችን ትሮምቦን ነፊ ይህን ሲያስረዱን «ስታዲየም ውስጥ ጆሮህን አትመን፤ በትሩን እይ» ይሉን ነበር።

እኚህን ሰው መላው ሰፈር ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። የፖሊስ ባንድ ባልደረባ ነበሩ። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት በራቸው ላይ ዱካ አስቀምጠው ትሮምቦኑን ከሳጥኑ ያወጡታል። ሳጥኑ ውስጡ ቀይ ከፋይ ነው፤ ሲከፈት የዘይትና የናስ ሽታ ይወጣል። የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ የናስ መወልወያው ብራሶ ውስጥ ነክረው እያንዳንዷን ቱቦ ያሻሉ፤ ጨርቁ ይጠቁራል፣ ናሱ ይነጣል። ከዚያ ተንሸራታቹን ክፍል ነቅለው ቀጭን ዘይት ይቀቡታል፤ ይገፉታል፣ ይስቡታል፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። አፍ የሚገባበትን ትንሹን ቁራጭ ግን ከመሣሪያው ጋር አይተዉትም። ነቅለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ናሱ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው። በዚያ ቀን በርበሬ የበዛበት ወጥ አይበሉም። ባለቤታቸው እትዬ ይህን ስለሚያውቁ ለእሳቸው ለብቻ አልጫ ያቀርባሉ፤ እኛ ልጆች ስንስቅ ጋሼ ቆጣ ብለው «ከንፈሬ ነው እንጀራዬ» ይሉናል።

እትዬ ዩኒፎርሙን በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ሱሪው ላይ ያለው መስመር እንደ ቢላ ካልቆመ ጋሼ አይለብሱትም። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱን ይመርጣሉ። የተመረጠው ልጅ የትሮምቦኑን ሳጥን ተሸክሞ አብሯቸው ይሄዳል፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስም «የባንድ ልጅ ነው» ተብሎ ያሳልፈዋል። በሰፈራችን ከዚህ በላይ ሹመት አልነበረም። ሳጥኑ ከኔ ይረዝም ነበር። እጄን እየቀየርኩ፣ መሬት እንዳይነካ ክንዴን ሰቅዬ፣ ጋሼ ከፊት እኔ ከኋላ የሄድንባቸውን ከሰዓቶች አልረሳቸውም። ሰው መንገድ ይለቅልን ነበር።

የናሱ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው ክለቦቻችን ከመመሥረታቸው በፊት ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያ ስጦታ ላኩ። ከዚያ በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ልባቸው ተነካና 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አገሬው «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉት፤ በ1923 ዓ.ም የዘውድ በዓል ላይም ተሰማ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲቋቋም አዲስ አበባ የናስ ድምፅ የለመደች ከተማ ነበረች።

ኳሱና ባንዱ የተጋመዱት ግን ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ስላደጉ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ባንድ ነበራቸው። የጦሩ ክለብ መቻል ነበር፤ የፖሊሱ ኦሜድላ። ስለዚህ ቅዳሜ ለክለቡ የሚጫወተው ወታደርና እሁድ ትራምፔት የሚነፋው ወታደር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ አንድ መመገቢያ ቤት ይበላሉ። ኦሜድላ ሲሸነፍ ጋሼ እራት አይበሉም ነበር። ባንዱ ዩኒፎርም ለብሶ ገለልተኛ ሆኖ ቢቀመጥም እሳቸው የልባቸውን መደበቅ አይችሉም፤ በእረፍት ሰዓት የሚነፉት ማርሽ ቡድናቸው እየመራ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ያን ያወቅነው ሳጥን ተሸካሚዎቹ ብቻ ነን።

ጋሼ ደጋግመው የሚያወሩልን የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ምን ቀን ነበር። ያን ጊዜ ገና ወጣት ናቸው። የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ ሲካሄድ አስተናጋጇ አዲስ አበባ ነበረች፤ አራት አገሮች ብቻ ነው የተሳተፉት። የእኛ ልጆች በይድነቃቸው ተሰማ እየተመሩ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፣ ሁለት ጊዜም ደረስንባት፤ ተክሌ ኪዳኔና ሉቺያኖ ቫሳሎ አገቡ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ፣ በመጨረሻም መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ጋሼ የሚጨምሩበት ግን ሌላ ነበር። «ለድሉ የምንነፋውን ማርሽ ካዘጋጀን ሰንብተን ነበር» ይላሉ፤ «ኖታው እጃችን ላይ ነው። ግብፅ ሁለተኛዋን ስታገባ መሪያችን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኩል ስንሆን መልሶ አወጣው። መንግሥቱ አራተኛዋን ሲያገባ ምን ወረቀት አለ! ሰዉ ይጮሃል፣ እኛ እንነፋለን፣ የራሴን ድምፅ አልሰማም። ከንፈሬ ደርቆ ኖሯል፤ ትሮምቦኔ አንድም ድምፅ አላወጣ አለ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲነፋ የኔ መጥፋት ማን አወቀው? ተንሸራታቹን ብቻ ስገፋና ስስብ ቆየሁ፣ እንባዬ እየወረደ።» ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ሁለት እጃቸው በአየር ላይ ትሮምቦኑን ይስለዋል።

እኔ በዓይኔ ያየሁት የአፍሪካ ዋንጫ የ1968ቱን ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የተደረገውን። ስምንት አገሮች መጡ። ጋሼ ሥራ በዛባቸው፤ ምክንያቱም የየአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ማወቅ ግዴታ ነው። የግብፅ፣ የጊኒ፣ የኡጋንዳ፣ የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የሱዳን፣ የዛየር። ማታ ማታ ግቢያቸው ውስጥ የድምፅ ማፈኛ አፉ ላይ ከትተው ይለማመዳሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሰባት አገር መዝሙር በዜማ አጠና። የገዛ አገራችንም መዝሙር አዲስ ነበር። ንጉሡ ከወረዱ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው፤ የአብዮቱ መዝሙር ደግሞ ገና ከሰዉ አፍ ጋር አልተላመደም። ጋሼ ስለ ፖለቲካ አይናገሩም። «የእንግዳ መዝሙር የሚያበላሽ ባንድ አገሩን አዋረደ» የሚል አንድ ሃይማኖት ነበራቸው፤ በዚያ ጸኑ።

የመጨረሻውን ጨዋታ፣ የሞሮኮንና የጊኒን፣ አልረሳውም። ጊኒዎች ቀድመው አገቡ፤ ሞሮኮ በ86ኛው ደቂቃ አቻ አደረገችና ዋንጫውን ወሰደች። እኛ ከምድባችን ሳናልፍ ቀርተን ነበር፤ የኛ ሰው ግን ስታዲየሙን ሞልቶ የሰው አገር መዝሙር ቆሞ ሰማ። የአዲስ አበባ ሰው ለእንግዳ መዝሙር እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር ለዛሬ ወጣት ማስረዳት ይከብዳል። ባንዱ ጸጥታውን ያስከብር ነበር። መሪው በትሩን ሲያነሳ ሰው ሁሉ ያያል፤ ከፍ ባለችባት በዚያች ቅጽበት ሻጩ ሳይቀር ድምፁን ይቆርጣል። ከዚያ በትሩ ይወርዳል፣ ናሱ ይፈነዳል።

ከፍታችን እንግዶቹን ያስቸግር እንደነበር ይወራል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ኳስ መጫወት ለማያውቀው ሳንባ ፈተና ነው። እየረገጡ ለሚነፉትም ያው ነው። ጋሼ ትራክ ላይ አንድ ዙር ዞረው ሲመለሱ ኮሌታቸው በላብ ርሶ፣ አንገታቸው ላይ ሥሩ ተወጥሮ ይታይ ነበር፤ ግን ሰልፉ እስኪፈርስ ድረስ ግንባራቸውን አይጠርጉም። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ይመለሳሉ። የእረፍቱን ሰዓት ጨዋታ ከመግቢያው አብልጬ እወደው ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የፈረንጁን ማርሽ ትተው የአገሩን ዜማ ይነፋሉ። የወሎውን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን ዜማ በማርሽ ምት። በትዝታና በባቲ ቅኝት የተሠራ ማርሽ እንደኛ ያለው አገር የለም ብዬ ብናገር የሚቃወመኝ አይኖርም። ሚስማር ተራ እስክስታ ይወርድ ነበር።

የባንዱ ናስ በስታዲየም ብቻ አልቀረም። ከወርቃማው ዘመን ሙዚቃችን በስተጀርባ ያለው ናስ ከእነዚሁ የጦርና የፖሊስ ግቢዎች የወጣ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍኑ ከኋላቸው የሚነፉት ወታደሮች ናቸው። ሽለላን በሳክስፎን ያናገረው ጌታቸው መኩሪያ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። ቀን በሰልፍ የጠነከረ ከንፈር ማታ በዘፈን ይለሰልሳል። የውጭ አገር ሰዎች ዛሬ ያን ዘመን በሸክላ እየገዙ ይደመሙበታል፤ የናሱ ትምህርት ቤት የት እንደነበር ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ከትምህርት ቤቶቹ አንዱ ያ የመሮጫ ትራክ ነበር።

ባንዱን በሙሉ ክብሩ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በ1980 ዓ.ም በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ላይ ነው። ጎልማሳ ሆኜ፣ የራሴን ቲኬት ቆርጬ ነበር የገባሁት። ይድነቃቸው ተሰማ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አርፈው ስለነበር ሐዘኑ ገና ከሰዉ ፊት አልጠፋም። በፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር አቻ ወጥተን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን። የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በሬዲዮ ያን ቀን አገሩን እንዴት እንዳናወጠው ያልሰማ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ስታዲየም የነበርነው ደግሞ ሌላ ነገር ሰማን። ፍጹም ቅጣት ምቱ ሲመታ ባንዱ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ፤ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ታቅፈው እንደ ማንኛውም ሰው ቆመው ያያሉ። የመጨረሻዋ ስትገባ ሕዝቡ ወደ ሜዳ ፈሰሰ፤ ባንዱም እንደ ደሴት ተከበበ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ትራምፔት ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው፤ መሪው የት እንዳለ አይታይም፣ በትር የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ግን ዜማው ቀጥ ብሎ ወጣ። ያ ድምፅ ዛሬም ሲመጣብኝ ጸጉሬ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። ከዚያም ቀድሞ የናሱ ወገን እየሳሳ ነበር፤ በየምሽት ክበቡ ኪቦርድ ገብቶ የአምስት ነፊ ሥራ አንድ ሰው በጣቱ ይሠራው ጀመር። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ፤ አብረውት የነበሩት ባንዶችና ክለቦችም ተበተኑ። ጋሼ ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ነበር። ትሮምቦኑ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ፈርመው መለሱት፤ አፍ የሚገባበትን ቁራጭ ግን በራሳቸው ገንዘብ የገዙት ስለነበር ይዘውት ወጡ። እስኪሞቱ ድረስ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

በባንዱ ቦታ የድምፅ ማጉያ ተተከለ። መጀመሪያ ካሴት፣ ከዚያ ሲዲ፣ ዛሬ ስልክ ላይ የተጫነ ፋይል። አመቺ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ይህን እረዳለሁ። ግን የተቀዳ መዝሙር ሰው አይጠብቅም። ቁልፉ ሲነካ ይጀምራል፤ ተጫዋቾቹ ሳይሰለፉ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ሳይነሳ ይጀምራል፣ አንዳንዴም መካከል ላይ ይቆረጣል። ባንድ ያያል። መሪው ተጫዋቾቹ መስመር እስኪይዙ፣ የመጨረሻው ልጅ ካልሲውን እስኪያስተካክል ይጠብቃል። ሕዝቡ ሲዘፍን ከዘገየ ባንዱ አብሮ ይዘገያል። በሰው ትንፋሽ የሚነፋ መዝሙር ለሰው ትንፋሽ ቦታ ይተዋል፤ ማሽኑ ይህን አያውቅም።

ደጋፊውን አልወቅስም። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በከበሮና በጥሩንባ፣ በራሳቸው በደረሱት ዜማ ስታዲየሙን ለዓመታት ሕይወት ሰጥተውታል፤ ያንንም እወደዋለሁ። ነገር ግን የእነሱ ለየቡድናቸው ነው፤ የጊዮርጊሱ አንዱን፣ የቡናው ሌላውን ይዘፍናል። ባንዱ የሚነፋው ለሁለቱም ነበር፤ ጨዋታው ሰውን ከመለያየቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ አንድ ላይ ያቆም ነበር። የሁለቱን ቡድን ደጋፊ በአንድ ምት የሚያስጨበጭብ ነገር ዛሬ ሜዳ ላይ የለንም።

ቆይቶ ሜዳውንም አጣን ማለት ይቻላል። አሮጌው ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድናችንም የአፍሪካን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ በማጣቱ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ኖረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! የ1954ቷን ግብፅ። ያ ድል የተገኘው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ በወረቀት ላይ የእኛ ሜዳ ተብሎ። ግቦቹን በቴሌቪዥን አየሁ፣ ብቻዬን ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ጋሼ ቢኖሩ ኖሮ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ማን ነፋላቸው?»

ለእግር ኳሳችን አለቆች የምለው አጭር ነው። ስታዲየሞቻችን ተጠናቀው ብሔራዊ ቡድናችን በገዛ ሜዳው ሲጫወት የድምፅ ማጉያውን ለማስታወቂያው ተዉለት፤ መዝሙሩን ግን ለባንድ ስጡት። የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ ማርሽ ባንዶች ዛሬም አሉ፤ የውጭ መሪዎች ሲመጡ በአቀባበል ይነፋሉ፣ በዐድዋ በዓል ይሰለፋሉ። ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእነዚህ ባንዶች ውስጥ እየሠለጠኑ ከሆነ ደግሞ ትራኩን አንድ ዙር ይዙሩበት፤ ሕዝቡ ያስተምራቸዋል። መሣሪያው አለ፣ ዩኒፎርሙ አለ፣ ነፊው አለ። የጎደለው አንድ የጥሪ ደብዳቤ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ለአንተም አንድ አደራ አለኝ። አባትህ፣ አያትህ ወይም የሰፈርህ ሰው ከእነዚያ ነፊዎች አንዱ ከነበረ ቤት ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ በዩኒፎርም፣ መሣሪያውን ታቅፎ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሰልፍ። የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቅና ከጀርባው የሁሉንም ስም ጻፍበት።